ከጓሯችን በላይ የሚዞሩት አሞሮች የከተማው ነዋሪዎች ናቸው ወይስ መንገደኞች?

የሽምብጥ ነዋሪ (ጥቅምት 22)

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ አካባቢ፣ ከጣና ብዙ በማይርቅ ግቢ ውስጥ ነው። ከቤቱ በስተጀርባ አንድ ያረጀ ማንጎ፣ ሁለት ፓፓያና ከጎረቤት አጥር ወደ እኛ ያዘነበለ ትልቅ ሾላ አለ፤ ከዚያ በላይ ያለው ሰማይ ክፍት ነው። ከዓመት ወዲህ በጤና ምክንያት ከሥራ ስለቀረሁ፣ ጠዋት ጠዋት ከማንጎው ሥር ወንበር አውጥቼ መቀመጥን ልማድ አድርጌዋለሁ። ጥያቄዬም የመጣው ከዚሁ መቀመጥ ነው።

ባለፈው ሳምንት፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ተኩል ገደማ፣ በስተምሥራቅ በኩል ከዓባይ አቅጣጫ ብዙ አሞሮች አንድ ቦታ ላይ እየዞሩ ሽቅብ ሲወጡ አየሁ። ክንፋቸውን ዘርግተው ይዞራሉ እንጂ አያርገበግቡም። ነጥብ እስኪያህሉ ድረስ ከወጡ በኋላ አንደኛው ከክበቡ ወጥቶ ወደ ደቡብ ተንሸራተተ፤ የቀሩትም አንድ በአንድ ተከተሉት። እስከ አርባ ሦስት ቆጥሬ ከዚያ በኋላ ተምታታብኝ። በማግስቱ በዚያው ሰዓት ስጠብቅ አሥራ ሰባት አየሁ፤ በሦስተኛው ቀን ሰማዩ ደመና ለብሶ ስለዋለ አንድም አልታየኝም።

ነገሩን ለባለቤቴ አባት ባነሣላቸው፣ «እነዚህማ የቄራው ጭልፊቶች ናቸው፤ ከብት ሲታረድ ይሰበሰባሉ፣ ሲጠግቡ ይበተናሉ፤ እኔ ባሕር ዳርን ሳውቃት ጀምሮ አሉ» አሉኝ። እርሳቸው ከእኔ ይልቅ ይህን ከተማ ያውቁታልና ለመከራከር አልደፈርኩም። ይሁን እንጂ ከቄራው የሚነሡት ጭልፊቶች ከጣራችን ላይ ከፍታቸው ከስልክ እንጨት ብዙም አይበልጥም፤ ሥጋ ይዞ የሚያልፍ ሰውም አይምሩም። እኔ ያየኋቸው ግን ለከተማዋ ደንታ ያላቸው አይመስሉም ነበር። እውነት እነዚህ ከሌላ አገር የመጡ መንገደኞች ናቸውን? ከሆኑስ፣ ባይኖኩላር እንኳ የሌለው ሰው ከሥር ሆኖ እንዴት ሊለያቸው ይችላል? ደግሞስ ለምን በሐይቁ ላይ አቋርጠው ሲያልፉ አይታዩም?

ሁለተኛው ጉዳይ ከቤት ሰላም ጋር የተያያዘ ነው። በመስከረም ከተፈለፈሉት ዘጠኝ ጫጩቶቻችን አምስቱ ጠፍተዋል፤ እናቴ ጥፋቱን «አንተ ቁጭ ብለህ በምትቆጥራቸው» አሞሮች ላይ ጥላዋለች። ወንጀለኛው ማን እንደሆነ በትክክል ባውቅ ደስ ይለኛል።

በዚያው ላይ ከጓሯችን የማይጠፉትን ልጥቀስ። ሾላው ሲያፈራ፣ ምንቃሩ ላይ ሌላ ምንቃር የደረበ የሚመስል ግዙፍ ጥቁርና ነጭ ወፍ እየጮኸ ይመጣል፤ የክንፉ ድምፅ ከሩቅ ይሰማል። ጦጣዎቹ ፓፓያውን ሳይበስል ይጨርሱታል። ከውኃ መውረጃው ቦይ ደግሞ አርጃኖ ወጥቶ ፀሐይ ይሞቃል፤ ልጆቹ ፈርተውት ነበር፣ አሁን ለምደውታል።

የጣና አስጎብኚ (ጥቅምት 24)

እንደምን ሰነበቱ? እኔ እንግዶችን በጀልባ ወደ ዘጌና ወደ ደሴቶቹ የማመላልስ አስጎብኚ ነኝ። ከእንግዶቼ መካከል የገዳማቱን ሥዕል ሊያዩ መጥተው ቀኑን ሙሉ ሰማይ ሲያዩ የሚውሉ ስላሉ፣ ከእነርሱ ጥቂት ተምሬያለሁ።

መጀመሪያ ስሙን እናጥራው። በእኛ አነጋገር ከፍ ብሎ የሚያንዣብብ ሁሉ አሞራ ነው፤ ጫጩት የሚነጥቅ ሁሉ ደግሞ ጭልፊት ወይም ጭላት ነው። ይህ ለዕለት ኑሮ ይበቃል፤ እርስዎ ለጠየቁት ጥያቄ ግን አይበቃም፤ ምክንያቱም ከአንድ ክበብ ውስጥ ጥንብ አንሣ፣ ንስርና ጭልፊት አብረው ሊዞሩ ይችላሉ። እነርሱን ያገናኛቸው ዝምድና ሳይሆን ከታች ወደ ላይ የሚወጣው ሙቅ አየር ነው።

ያለ ባይኖኩላር ለመለየት ከቀለም ይልቅ ቅርጽን ይከተሉ። የከተማችን ጭልፊት ጭራዋ እንደ መንሽ መሐሉ ሰንጠቅ ያለ ነው፤ ስትበርም ጭራዋን እንደ መቅዘፊያ ወዲያና ወዲህ ታዞረዋለች። ጥንብ አንሣ ክንፉ ሰፊ እንደ ሳንቃ፣ ጭራው አጭር፣ ጭንቅላቱም ከክንፉ ብዙም ወጣ ያላለ ነው። ንስር ግን ከፊት ጭንቅላቱ፣ ከኋላ ጭራው በግልጽ ይታያል፤ የክንፉ ጫፍ ላባዎችም እንደ ተዘረጉ ጣቶች ተለያይተው ይታያሉ። በደንገሉ ላይ ዝቅ ብሎ የሚያልፍና ክንፎቹን እንደ «ሀ» ፊደል ወደ ላይ ከፈት አድርጎ የሚንሳፈፍ ቀጭን አሞራ ካዩ፣ እርሱ የረግረግ አዳኝ ነው፤ ከመስከረም በኋላ ከሰሜን የሚመጣ እንግዳም ነው።

ጭልፊቶቹን በተመለከተ አንድ ቀላል ምልክት አለ። ዓመቱን ሙሉ ከእኛ ጋር የሚኖሩት ምንቃራቸው ቢጫ ነው፤ ከአውሮፓና ከእስያ ለበጋው የሚመጡት ደግሞ ምንቃራቸው ጥቁር ነው። ስለዚህ ምንቃሩን ካዩ ጉዳዩ አለቀ።

የሐይቁን ነገር በደንብ አስተውለዋል። እኔም በጀልባ መሐል ሐይቅ ላይ ስሆን ከፍ ብሎ የሚዞር የአሞራ ክበብ ማየቴ እምብዛም ነው፤ የሚታዩኝ ከዳርቻው በላይ ነው። ከውኃው ላይ የምናገኛቸው ለውኃ የተፈጠሩትን ነው። ጭንቅላቱና ደረቱ ነጭ የሆነው ዓሣ አዳኙ ንስር የጣና ባለርስት ነው፤ አንገቱን ወደ ኋላ ቀልብሶ ሲጮህ ከክብራን እስከ እንጦስ የሚሰማ ይመስላል። ከመስከረም እስከ መጋቢት ደግሞ ሌላ ዓሣ አዳኝ ይመጣል፤ ሆዱ ነጭ፣ በዐይኑ ላይ ጥቁር መስመር የተሰመረበት፣ ክንፉ ከመሐል ጎበጥ ያለ ነው። እግሩን አስቀድሞ ውኃ ውስጥ ይወረወራል፤ ዓሣውን ይዞ ሲነሣም ጭንቅላቱን ወደ ፊት አድርጎ ነው የሚሸከመው፤ በዚያ አኳኋን ነፋሱ ብዙ አይገፋውም። ይህኛው እዚህ አይፈለፍልም፤ ንጹሕ መንገደኛ ነው። የእርስዎ ግቢ ለሐይቁ ቅርብ ስለሆነ ዓሣ ይዞ በላይዎ ሲያልፍ ሳያዩት አይቀሩም።

ያ ባለ ሁለት ምንቃር የመሰለዎት ወፍ ከሾላና ከዋርካ አይለይም። እንቁላል የምትጥልበት ጊዜ ሲደርስ እንስቷ ከዛፍ ፍልፍል ውስጥ ገብታ ደጃፉ በጭቃ ይታሸጋል፤ ተባዕቱ በቀረችው ቀዳዳ ፍሬ እያቀበለ ይመግባታል። ጎረቤትዎ ሾላውን ለመቁረጥ ካሰቡ እባክዎ ይለምኗቸው።

ጡረተኛው መምህር (ጥቅምት 26)

ለጠያቂውም ለወንድማችን አስጎብኚም ሰላምታዬ ይድረስ። ለብዙ ዓመታት ባዮሎጂ ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ የወንድማችን መልስ በአብዛኛው ትክክል ቢሆንም «ምንቃሩን ካዩ ጉዳዩ አለቀ» ያሉት ግን ሰው ያሳስታል። የእኛው ጭልፊት ጫጩት በመጀመሪያ ዕድሜዋ ምንቃሯ ጥቁር ነው፤ ቢጫ የሚሆነው ስታድግ ነው። ስለሆነም ምንቃሯ የጠቆረ ሁሉ የውጭ አገር ሰው ናት ብሎ መፍረድ የጎረቤትን ልጅ እንግዳ ብሎ እንደ መጥራት ነው። ከምንቃሩ ጋር ጭንቅላቱንም ማየት ያስፈልጋል፦ የመንገደኛው ጭንቅላት ነጣ ያለ ግራጫ ሆኖ በዐይኑ ዙሪያ ጥላ የመሰለ ጥቁረት አለው፤ የእኛዋ ግን ጭንቅላቷና ሰውነቷ ያው አንድ ዓይነት ቡናማ ነው። የጭራውን ስንጥቅም ቢሆን ጭራዋን ሙሉ በሙሉ ስትዘረጋው ስለሚጠፋ፣ አንድ ጊዜ አይቶ ከመወሰን ዞራ እስክትመለስ መታገሥ ይሻላል።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ ልግባ። እነዚህ ትልልቅ አዳኝ ወፎች ሰውነታቸው ከባድ ስለሆነ፣ ክንፋቸውን እያርገበገቡ በሺዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር መብረር አቅማቸውን ይጨርሰዋል። ስለዚህ ፀሐይ መሬቱን ካሞቀች በኋላ ወደ ላይ የሚነሣውን ሙቅ አየር እንደ መሰላል ይጠቀሙበታል፤ በእርሱ እየዞሩ ይወጣሉ፣ ከጫፉ ሲደርሱ ወደሚሄዱበት አቅጣጫ ቁልቁል ይንሸራተታሉ፣ ከዚያም ሌላ መሰላል ይፈልጋሉ። እርስዎ ያዩዋቸው በአራት ሰዓት ተኩል የሆነበት ምክንያት ይኸው ነው፤ ከዚያ በፊት መሬቱ ገና አልሞቀም። በደመናው ቀን የቀሩትም ለዚሁ ነው። ውኃ ደግሞ እንደ መሬት ቶሎ አይሞቅምና ከጣና ላይ ጠንካራ መሰላል አይቆምም፤ ክብደት ያለው አሞራ ዳርቻውን ይዞ መዞርን የሚመርጠው ሰንፎ ሳይሆን አስልቶ ነው።

ይኸው ሥሌት ነው ወደ እኛም የሚያመጣቸው። በካዛክስታን፣ በሩሲያና በሞንጎሊያ ሣር ምድር የሚፈለፈለው የሜዳ ንስር፣ ብርዱ ሲጀምር በዓረብ ምድር አድርጎ ወደ የመን ይወርዳል። ቀይ ባሕርን ሰፊ በሆነበት ቦታ ሊያቋርጥ አይደፍርም፤ ባሕሩ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወደሚጠብበት ወደ ባብ ኤል መንደብ ሄዶ በዚያ ወደ ጅቡቲ ይሻገራል። እ.ኤ.አ. በ1987 መከር ላይ በጅቡቲ በኩል ቆመው የቆጠሩ ሰዎች ከ240,000 በላይ አዳኝ ወፎች ሲሻገሩ መዝግበዋል፤ ከእነዚህ ውስጥ ከ76,000 በላይ የሚሆኑት የሜዳ ንስሮች ሲሆኑ፣ 98,000 ያህሉ ደግሞ ከንስር ያነሰ፣ ክንፈ ሰፊና ቡናማ የሆነ ሌላ አዳኝ ናቸው፤ እርሱ እስከ ደቡብ አፍሪካ ድረስ ይዘልቃል። ከጅቡቲ የተሻገረ ወፍ ቀጥሎ የሚያገኘው የኢትዮጵያን ምድር ነው። አንዳንዱ ያልፋል፤ አንዳንዱ በደጋችን ከርሞ ይመለሳል።

እጅግ የሚያስደንቀኝ ግን መመለሻው ነው። በመሣሪያ የተከታተሏቸው ተመራማሪዎች እንዳሳዩት፣ የሜዳ ንስር በመጣበት በር አይመለስም፤ በየካቲትና በመጋቢት ወደ ሰሜን ሲነሣ በአፍሪካ በኩል ሽቅብ ሄዶ ቀይ ባሕርን በሰሜን ጫፉ፣ በስዊዝ በኩል ይዞራል። እንግዲህ በጥቅምት በአንድ በር ገብቶ በመጋቢት በሌላው በር የሚወጣ እንግዳ ነው።

ከሥር ሆነው እንዴት እንደሚያውቁት ልንገርዎ። ክንፉ ሲዘረጋ ወደ ሁለት ሜትር ይጠጋል፤ ከጭልፊት ጋር ጎን ለጎን ሲዞር ልዩነቱ ሳይነግሩዎት ይታወቅዎታል። ወጣቱ ንስር በክንፉ ሥር፣ ከብብቱ ጀምሮ እስከ ጫፉ ድረስ የሚሄድ ሰፊ ነጭ መስመር አለው፤ ጥለት ያለው ነጠላ ይመስላል። ይህ ምልክት ያለ ባይኖኩላር እንኳ ይታያል፤ ከእኛ ነዋሪ ንስሮች መካከልም እንዲህ ጎልቶ የሚታይበት የለም። ሲያድግ መስመሩ ይጠፋና ሁለመናው ጥቁር ቡናማ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ከነዋሪው ቡናማ ንስር ለመለየት ከቅርብ ማየት ግድ ነው፤ የሜዳው ንስር የአፉ ስንጥቅ ከዐይኑ ኋላ ድረስ ሲደርስ፣ የነዋሪው ግን ከዐይኑ መሐል ላይ ያበቃል።

ስለ ጫጩቶቹ፣ የሜዳ ንስር ከሰው ግቢ ገብቶ ጫጩት ሲያነሣ እኔ አላየሁም። ምግቡ በአብዛኛው አይጥ፣ ጥንብና ዝናብ ሲዘንብ የሚወጣ ባለ ክንፍ ምስጥ ነው። እናትዎ የሚጠረጥሩት አሞራ ከፍ ብሎ የሚዞረው ሳይሆን ከጣራው በታች የሚያልፈው ነው።

ጨዋታን ጨዋታ ያነሣዋልና፣ በዓመት አንድ ጊዜ ብቅ የሚልን ሰው «እንደ መስቀል ወፍ» እንላለን። ብዙዎች የመስቀል ወፍ የሚሏት ያቺ ቀይና ጥቁር ትንሽ ወፍ ግን የትም አትሄድም። ተባዕቱ በክረምት ማብቂያ ያንን ደማቅ ላባ ይለብሳል፤ ጊዜው ሲያልፍ አውልቆ እንደ እንስቷ ቡናማ ይሆናልና ከድንቢጥ ጋር ተቀላቅሎ ዐይናችን ይስተዋል። ይልቁንም ያንን ምሳሌ የሚገባው፣ በመስከረም መጨረሻ ከግቢያችን ሣር ላይ መጥቶ ጭራውን እያወዛወዘ የሚሮጠው ሆደ ቢጫ ትንሽ ወፍ ነበር፤ እርሱ በእውነት ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጣ ነውና። ስም አልወጣለትም፤ ምሳሌም አልተነገረለትም።

ምክሬ አንድ ነው። ያንኑ ወንበር፣ ያንኑ ቦታ፣ ያንኑ ሰዓት አይለውጡ። ደብተር ይያዙና ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የሰማዩን ሁኔታ፣ ከየት ወደ የት እንደ ሄዱና ስንት እንደሆኑ ይጻፉ። ያላዩበትንም ቀን ይጻፉ፤ ባዶው ቀን ከሞላው ያልተናነሰ ያስተምራል።

የዘንዘልማ ልጅ (ጥቅምት 27)

መምህር የጻፉትን በአክብሮት አንብቤአለሁ። እኔ የተወለድኩት ዘንዘልማ በኩል ከገበሬ ቤት ነው፤ አሁንም ወላጆቼ እዚያው ናቸው። በእኛ አካባቢ በኅዳር ጤፉ ሲታጨድ እነዚያ ትልልቅ ንስሮች ከማሳው ላይ መሬት ላይ ቆመው ይታያሉ። ሰው እስኪቀርባቸው ድረስ አይነሡም። አባቴ አያባርራቸውም፤ ከአጨዳው ኋላ የሚወጣውን አይጥ ስለሚለቅሙለት «ደመወዝ የማይጠይቁ ጠባቂዎች» ይላቸዋል። በዚያው ወቅት ግራጫ ረጃጅም እንግዶች ወፎችም በብዙ ሺህ ሆነው ወደ ጣና ዙሪያ እርሻዎች ይመጣሉ፤ ሲበሩ አንገታቸውን ቀጥ አድርገው በሰልፍ ነው፤ ድምፃቸው ከመታየታቸው በፊት ይሰማል። ማታ ማታ ከረግረጉ ያድራሉ፤ ቀን ከማሳው የቀረውን ይለቅማሉ።

እኔን ያናገረኝ ግን የአይጡ ነገር ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ጎረቤታችን የጎተራው አይጥ አስመርሮት በብዛት መርዝ አስቀመጠ፤ ሌላው ደግሞ ለጅብ ብሎ ሥጋ ላይ መርዝ ነሰነሰ። ጅቡ እንደሆነ አልሞተም። ከሁለት ቀን በኋላ ግን አሥራ አንድ ጥንብ አንሣና ሁለት ንስር ከወንዙ ዳር ወድቀው አገኘን፤ የጎረቤታችንም ውሻ አብሮ ሞተ። መርዝ የበላ አይጥ ወዲያው አይሞትም፤ ደክሞ ሲንገዳገድ በቀላሉ ይያዛል፤ የያዘውም ከእርሱ ጋር መርዙን ይወስዳል። በከተማ ያላችሁት ከየሱቁ እየገዛችሁ በየኩሽናው ጥግ የምታስቀምጡት ያው ነገር ነውና የሞተውን አይጥ ወደ ቆሻሻ መጣያ አትወርውሩት፤ ቆፍራችሁ ቅበሩት።

ስለ ጫጩቱ፣ ጠያቂው የጠፉት በቀን ነው ወይስ በሌሊት የሚለውን አልነገሩንም። በቀን ከሆነ ጭልፊት ናት። በሌሊት ከሆነ ሸለምጥማጥ ነው፤ በረቱን ፈትሹ፣ ከጣት የሰፋ ክፍተት ካለ ሸለምጥማጥ ባይገባበት እንኳ አይጥ ይገባበታል። ለጭልፊት እናቴ የምታደርገው ቀላል ነው፦ ጫጩቶቹ ጥንካሬ እስኪያገኙ ድረስ ከቁጥቋጦ ሥር እንዲውሉ ታደርጋለች፤ ሜዳ ላይ ሲወጡ ከላይ አሮጌ የዓሣ መረብ ትወጥርላቸዋለች። እናንተ ሐይቁ አጠገብ ስላላችሁ አሮጌ መረብ አታጡም።

የሽምብጥ ነዋሪ (ኅዳር 21)

ለሰጣችሁኝ መልስ ሁሉ ከልብ አመሰግናለሁ። መልስ ለመጻፍ የዘገየሁት መምህር እንዳዘዙኝ ደብተሩን ለመሙላት ስለ ፈለግሁ ነው። ሃያ አራት ቀን ተቀምጫለሁ፤ ከሐኪም ቀጠሮዬ በቀር አንድም ቀን አላለፈኝም።

ውጤቱ ለሁለታችንም፣ ለእኔም ለባለቤቴ አባትም፣ ግማሽ ግማሽ ነው። አብዛኞቹ፣ በተለይም ከዓባይ አቅጣጫ የሚነሡት ትልልቅ ክበቦች፣ እርሳቸው እንዳሉት የቄራው ጭልፊቶችና ከእነርሱ ጋር የሚውሉት ጥንብ አንሣዎች ናቸው። ከዞሩ በኋላ ወደ ደቡብ ሲንሸራተቱ መንገድ የጀመሩ መስለውኝ ነበር፤ ነገር ግን ከቀትር በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይም ስቀመጥ እነርሱው ዝቅ ብለው ሲመለሱ ደጋግሜ አይቻለሁ። ያ የመጀመሪያው አርባ ሦስት ቁጥሬ ምን እንደነበረ አሁን መሐላ አልምልበትም።

ሆኖም ጥቅምት 29 ቀን ከአራት ሰዓት ከሩብ እስከ አምስት ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ከሰሜን ምሥራቅ የመጡ ስድስት ትልልቅ አሞሮች ከጭልፊቶቹ ክበብ ገብተው ሲዞሩ አየሁ። ጭልፊቶቹ አጠገባቸው እንደ ልጆች ነበሩ። ከስድስቱ አራቱ ያ መምህር የጻፉት የነጠላ ጥለት በክንፋቸው ሥር ነበራቸው፤ ፀሐይ ከኋላዬ ስለነበረች ጎልቶ ታየኝ። የባለቤቴን አባት ጠርቼ አሳየኋቸው። እጃቸውን በግንባራቸው ላይ ጋርደው ረዘም ላለ ጊዜ ዝም ብለው ካዩ በኋላ፣ «እነዚህስ የቄራው አይደሉም» አሉ። ከዚያ ቀን በኋላ አሥራ ዘጠኝ ንስር በስምንት ልዩ ልዩ ቀናት መዝግቤአለሁ፤ አንዱም በዘጠኝ ሰዓት ሲመለስ አላየሁትም። ሦስት ቀን ደመና ነበር፤ በሦስቱም ቀን ገጹ ባዶ ነው።

ያንን ነጭና ጥቁር ዓሣ አዳኝም አየሁት፤ ዓሣውን አስጎብኚው እንዳሉት ጭንቅላቱን ወደ ፊት አድርጎ ይዞት ነበር። በነገራችን ላይ የምንቃር ቀለም ለማየት ብዙ ደክሜ በባዶ ዐይን አንድም ቀን አልሆነልኝም፤ አንድ ወዳጄ «8 በ42» የሚል የተጻፈበት ባይኖኩላር ካዋሰኝ በኋላ ነው ከጣራው ላይ የቆመችዋን ጭልፊት ቢጫ ምንቃር ያየሁት።

የጫጩቱ ጉዳይ ተፈትቷል። አራቱ የጠፉት በሌሊት ነበር፤ ከበረቱ ጀርባ ቆርቆሮው ተገንጥሎ አገኘነው። አምስተኛውን ግን ጭልፊት እንደ ወሰደችው እናቴ በዐይኗ አይታለች፤ ስለዚህ በንስሮቹ ላይ የነበራትን ክስ ብታነሣም በጭልፊቷ ላይ ያለው እንደ ጸና ነው። መረቡን ወጥረናል። የአይጥ መርዙንም ከኩሽናው አውጥተን በወጥመድ ተክተነዋል።

አሁን የቀረኝ ጥያቄ የመመለሻው ነው። በየካቲት ሲነሡ ከዚሁ ከማንጎው ሥር ሆኜ ላያቸው እችላለሁ ወይስ ወደ ከፍተኛ ቦታ መውጣት ያስፈልገኛል?

የጣና አስጎብኚ (ኅዳር 22)

እንኳን ደስ ያለዎት። መምህር ስለ ምንቃሩ ያረሙኝንም ተቀብያለሁ፤ ለእንግዶቼ ስንት ዓመት ሙሉ በስሕተት ስናገር እንደኖርኩ ሳስበው አፍሬአለሁ።

ለመመለሻው ማንጎዎን አይተዉት፤ ግን በሳምንት አንድ ቀን ወደ ቤዛዊት ኮረብታ ቢወጡ መልካም ነው። ከዚያ ሆነው ዓባይን ከሥርዎ፣ ከተማውንና ሐይቁን ከፊትዎ ስለሚያገኙ፣ ከደቡብ የሚመጣውን ገና ሩቅ ሳለ ያዩታል። አካባቢው ጥበቃ ስላለበት አስቀድመው ጥበቃዎቹን አነጋግረው ፈቃድ ይጠይቁ፤ ካሜራውን ቤትዎ ይተዉት። ከሦስት ሰዓት ተኩል በፊት መድረስ አያስፈልግም፤ ከስድስት ሰዓት በኋላ ደግሞ በጣም ስለሚወጡ ዐይን አይደርስባቸውም። ባይኖኩላሩን ይዘው ክበቡን ሲከተሉ ወደ ፀሐይ እንዳያዞሩት እጅግ ይጠንቀቁ፤ ዐይን ያጠፋል። ጤናዎ ከመውጣት ከከለከለዎት፣ በየካቲት ሁለተኛ ሳምንት ጀልባዬ ብዙ ጊዜ ባዶ ነው፤ ከዳርቻው ሳንርቅ እስከ ደብረ ማርያም ድረስ ወስጄዎት ደብተርዎን ከውኃው ላይ ሆነው ይሞሉታል። የባለቤትዎንም አባት ይዘዋቸው ይምጡ።